ሞግዚት ፍለጋ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሞግዚት ማለት ሕፃን አዝላ እሹሩሩ የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ሮተርዳም ውስጥ የቤተሰብ ሞግዚት ሆኜ ተቀጠርኩ ብዬ በስልክ ለእህቴ ስነግራት፣ «ምን ቸገረሽ፣ ሥራ ሥራ ነው። የፈረንጅ ልጅ ደግሞ ብዙ አያለቅስም ይባላል» ብላ አጽናናችኝ።

አስረዳኋት። እናት ታማ፣ ወይም አባት ጠጪ ሆኖ፣ ወይም በሌላ ምክንያት አንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ደህና እንዳልሆነ ሲታወቅ፣ የልጆች ዳኛ ለዚያ ቤተሰብ አንድ ሰው እንዲመደብ ያዛል። የተመደበው ሰው ቤታቸው እየሄደ ያያል፣ ይመክራል፣ ከትምህርት ቤትና ከሐኪም ጋር ይነጋገራል። የባሰ እንደሆነ ደግሞ ልጁ ለጊዜው ሌላ ቤተሰብ ዘንድ እንዲቆይ ዳኛውን ይጠይቃል። የቤተሰብ ሞግዚት የሚባለው እሱ ነው። እህቴ ሰምታ ስትጨርስ፣ «እንዲህማ ከሆነ ሕፃን ማዘሉ ይሻልሽ ነበር» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። እኔ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ወደ ሥራው የገባሁት በአስተርጓሚነት በኩል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በስደት ሆላንድ ገብቼ፣ ዴን ሃግ ውስጥ ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጥቶኝ፣ ከልጄ ጋር እኖር ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አፌ በሆላንድ ቋንቋ በደችኛ ቶሎ ስለተፈታ፣ የመንግሥት ቢሮዎች የኛ ሰው ጉዳይ በገጠማቸው ቁጥር እየጠሩ ያስተረጉሙኝ ጀመር። አንድ ቀን ሮተርዳም ካለ የልጆች ጉዳይ ቢሮ ተጠራሁ። ባለጉዳይዋ ልጅ እግር እናት ናት። ሠራተኛዋ ቅን ሆላንዳዊት ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትመክራለች፣ እናቲቱም ለሁሉም ነገር «እሺ» ትላለች። ያንን «እሺ» ወደ ደችኛ ስመልሰው ምላሴን ከበደኝ። ስንጨርስ የቢሮው አለቃ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ።

«እሺ ያለችው ተስማምታ አይደለም» አልኳት። «እንድንተዋት ነው።»

አለቃዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጸጉሯን ያሳጠረች፣ ረጅም ሴት ናት። ትንሽ አሰበችና፣ «አንቺ ራስሽ ለምን ይህንን ሥራ አትሠሪም?» አለችኝ፤ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ እንደማለት ቀለል አድርጋ። እኔ ግን እስከ ሮተርዳም ጣቢያ ድረስ ጥያቄዋን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው የሄድኩት። ስደት ከወጣሁ ወዲህ የምችለውን አይቶ ይህን ሥራ ሥሪ ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ሥልጠናው አምስተርዳም ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን በባቡር እመላለሳለሁ። ሕጉን አጠናሁ፣ የልጆች አስተዳደግ ተማርኩ። ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የትወናው ትምህርት ነው። አስተማሪው አንዲት እናት ይሆናል፣ እኛ ተራ በተራ በሯን አንኳኩተን እንገባለን። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። እንደ ወጋችን ጤንነቷን ጠየቅኩ፣ ልጆቹን ጠየቅኩ፣ ሰፈሩ ተስማምቷት እንደሆነ ጠየቅኩ፣ ዝናቡንም አማረርኩ። አስተማሪው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ቁሚ! ልቤ ሊፈነዳ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«ከልጆች ቢሮ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለኝ። «አንቺ ስለ ጤናዬ ስትጠይቂኝ እኔ የማስበው ልጄን መቼ ነው የምትወስደው እያልኩ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደመጣሽ ንገሪኝ። ስለ ዝናቡ በኋላ እንጫወታለን።»

ሰላምታ ማርዘም ደግነት ይመስለኝ ነበር። ለፈራ ሰው ሥቃይ እንደሚሆን ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ስገባ የመጣሁበትን አስቀድሜ እናገራለሁ። ሆላንዳውያን የሥራ ጓደኞቼ ግን ጉዳያቸውን ጨርሰው ብድግ ሲሉ እኔ ትንሽ እቆይ ነበር። ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው እንግዳው ኮቱን ሲያነሳ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። በሆላንድ ቢሮ ሰው ሥራ ሲለቅ ኬክ ይቆረጣል፤ እኛ ቢሮ ኬክ በዛ። ወጣቶች በጉጉት ይገባሉ፣ ጥቂት ወራት እየሮጡ ይሠራሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ይገረጣል፣ ከዚያ ኬክ። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ውስጥ በሁለተኛው ዓመት ላይ ብዙዎቹ አልነበሩም። የሚጎዱት ቤተሰቦቹ ነበሩ። አንድ ታሪክ ለሦስተኛ አዲስ ሰው ከሀ ጀምሮ መናገር አለባቸው። አንድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ትንሷ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አንቺስ እስከ መቼ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለአለቃዬ ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እንግዲያው ሰው ፈልጊልኝ» አለች። «ቋንቋ የሚያውቅ ብቻ አልፈልግም። የሚቆይ ሰው ፈልጊልኝ። አንቺው ታሠለጥኚዋለሽ።»

እንዲህ ነው ሠራተኛ ፈላጊ የሆንኩት። መጀመሪያ የሞከርኩት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲሰባሰብ ነው። የማውቃቸው ሴቶች ሰምተው ተያዩ። አንዷ፣ «ልጆቻችንን ለፈረንጅ የሚያስረክብ ሰው ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። «ልጆቹ ሳይወሰዱ በፊት ቤተሰቡን የሚያግዝ ሰው ነው የምፈልገው» ብላት አላመነችኝም። ለተወሰነ ጊዜ እኔ ስጠጋ ወሬ ይቆም ነበር። ከፋኝ፤ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም።

የፈለግኩት ሰው የሚኖረው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያው ለብዙ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የሚጣፍጥ ሰው። ሆላንድ ውስጥ የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። አንድ ቅዳሜ ከመስኮቴ ስመለከት ግቢው ሣር ላይ ሁለት የጎረቤት ልጆች በብስክሌት ተጣልተው ተያይዘዋል። ጋሼ የገበያ ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡና ገላገሏቸው። ከዚያ በተሰባበረ ደችኛ አንደኛውን፣ «አንተ እሱን ሁን። እሱ ምን ይላል?» አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት ቆየ፣ ከዚያ የጠላቱን ክስ ራሱ ይናገር ጀመር። ሌላውም በተራው ተናገረ። ሲጨርሱ የሚጣሉበት አጡ። ጋሼ ፌስታላቸውን አንስተው ወደ ላይ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

ሐሳቤን ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልሁን?»

«አስተማሪ አልነበሩም እንዴ? ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል?»

«ደችኛዬን ሰምተሽዋል?»

«ልጆቹም ሰምተውታል። ገብቷቸዋል።»

ለቃለ መጠይቁ አንድ ብቻ የሆነች ከረባታቸውን አስረው መጡ። ጠያቂዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ በጋሼ ደችኛ ግን ሠግተዋል። አንደኛው፣ «አንድ ወላጅ በጣም ቢያናድድዎት ምን ያደርጋሉ?» አላቸው። ጋሼ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ከዚያ፣ «ውኃ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ» አሉ። «ተመልሼም እመጣለሁ። መውጣት ሁሉም ይችላል፤ ሥራው መመለሱ ነው።» አለቃዬ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተቀጠሩ፤ ደችኛ እንዲያሻሽሉም ተጨማሪ ትምህርት ተሰጣቸው።

ማሠልጠኑ ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ሠላሳ ተማሪ ፊት መቆም የለመዱ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች አብረን ስንሄድ አባቶችን ቁጭ አድርገው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ትምህርት ይሰጡ ነበር። አንድ አባት ሰዓቱን እያየ እንዳልሰማ ሆኖ ቆየ። ትራም ፌርማታ ላይ ቆመን እንዴት ብዬ ልንገራቸው ብዬ ተጨነቅኩ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ትንሽ ነው የሚቀራቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ዛሬ ሰውየው ስንት ቃል ተናገረ?»

አሰቡ። ትራሙ መጣ፣ ገባን፣ ተቀመጥን። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣ «አፉን አልከፈተም» አሉ። ቀጠሉና፣ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ሲገቡ የግራ እጃቸውን አውራ ጣት በቀኛቸው ጨብጠው ይይዙ ነበር፤ አፋቸውን ለመያዝ። ሌላ ሰው ፊት ሲያስተዋውቁኝም «አስተማሪዬ ናት» ይሉ ጀመር። መሬቱ ዋጥ ባደረገኝ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሼ ከቢሮው ምርጥ ሠራተኞች አንዱ ሆኑ። ከሚከታተሏቸው ቤተሰቦች መካከል ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበረች። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። ጭንቀት ጸንቶባት ከአልጋ መነሣት አቅቷት ስለነበር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ በሳምንቱ የሥራ ቀናት አንድ የሆላንድ ቤተሰብ ዘንድ ትውላለች፣ ታድራለች። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለ፣ ቅዳሜና እሑድም፣ ከእናቷ ጋር ትሆናለች። ጋሼ በየረቡዑ በሜትሮ ባቡር እየሄዱ እናቲቱን ያበረታታሉ፣ ልጅቷን ካርታ ያስነብባሉ። እናቲቱ እየተሻላት ነበር። ልጅቷ ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጊዜም እየተቃረበ ነበር።

ያኔ ነው በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት የተነሣው። ዜናው ሆላንድ ድረስ ገብቶ ጓደኛን ከጓደኛ ለየ። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ሰላምታ ተዉ። እኔና ጋሼ ሰላምታ አልተውንም፤ ነገር ግን ስለ ሥራ ብቻ ነበር የምናወራው።

አንድ ረቡዕ ጋሼ ከካፔለ ቶሎ ተመለሱ። የቢሮ መታወቂያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?»

«በር ዘጋችብኝ። ከእንግዲህ የእነሱ ሰው ልጄን አያይም አለችኝ። አልፈርድባትም። ነገ ሌሎቹም ይዘጋሉ። ሰው ሳያስወጣኝ በእግሬ ልውጣ።»

«እኔስ? እኔም በር ዘግቼብዎታለሁ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ስለዚህ ጦርነት አንድ ቀን ትንፍሽ አላልሽም።»

«ላስቀይምዎት ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነው» አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የልባችንን አወራን፤ እሳቸው ግንባር ስላለው የእህታቸው ልጅ፣ እኔ ስለ አክስቴ ልጆች። አንዳችንም ሌላውን ለማሳመን አልሞከርንም። መታወቂያውን ግን መልሰው አላነሡትም።

አለቃዬ በማግስቱ ሌላ ሠራተኛ ልትመድብ ነበር። ለሁሉም ይቀላል ብላ ነው። «አሁን ብንቀይራቸው» አልኳት፣ «ልጅቷ የለመደችውን ሰው ታጣለች፣ እሳቸውም ይለቁብናል። አንድ ሳምንት ስጪኝ።» ሰጠችኝ።

ካፔለ ብቻዬን ሄድኩ። እናቲቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ ፊቷ ቆጣ ብሏል። እንደለመድኩት የመጣሁበትን አስቀድሜ ተናገርኩ። «ሌላ ሰው ይምጣልኝ ማለት መብትሽ ነው። ካልሽ ይመጣልሻል፤ ማንም አይቀየምሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ምክንያቱን በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ሁለት ዓመት ቤትሽ የተመላለሰ ሰው በተዘጋ በር አይሰናበትም።»

«ወንድሜ ግንባር ነው» አለች። «ያ ሰውዬ ፊቴ ቁጭ ሲል ወንድሜን ነው የማየው።» ድሮ ጋሼ ነበር የምትላቸው። ኮቴን ሳነሣ ግን፣ «ይምጣ። እነግረዋለሁ» አለች።

በቀጣዩ ረቡዕ ከጋሼ ጋር ሄድን። እሺ ለማሰኘት ብዙ ለምኛቸዋለሁ። ያመጣቸው ልመናዬ ሳይሆን፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ራሳቸው «ሥራው መመለሱ ነው» ያሉትን ማስታወሴ ይመስለኛል። ቤት ስንገባ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ቆሙ። አልተቀመጡም፤ ተቀመጡም አልተባሉም።

«የምትነግሪኝን ልሰማ መጥቻለሁ» አሉ።

«ወንድሜ አንድ ነገር ቢሆን» አለች እናቲቱ፣ ወለሉን እያየች፣ «ፊትህን ማየት አልችልም።»

አንተ ስትላቸው እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን አውራ ጣታቸውን ጨበጡ። ቆይተው፣ «የእህቴ ልጅም እዚያው ነው» አሉ። «በወዲያኛው በኩል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እኔም እንዳንቺ ነው የምሆነው። ሌላ ሰው ከፈለግሽ ልክ ነሽ። ለልጅቷ ግን ደህና ሁኚ ሳልላት አልሄድም።»

የእሷ ነገር እንደተነሣ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ልጅቷ ከመኝታ ክፍሏ ብቅ አለች። ጋሼን ስታይ በደስታ ዘለለች፤ ወዲያው ደግሞ ኩርፊያዋ ትዝ አላት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግማሽ በደችኛ ግማሽ በአማርኛ፣ «አንተ! ባለፈው ረቡዕ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ? ካርታውን ዘርግቼ ስጠብቅህ ነበር እኮ!» አለቻቸው።

እናቲቱ ፊቷ በእፍረት ቀላ። «እርስዎ በይ!» ብላ ጮኸችባት። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? ትልቅ ሰው ናቸው፣ እርስዎ ይባላሉ!»

ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ጋሼን ታያለች። እናቲቱ የተናገረችውን ገና ያኔ የሰማችው መሰለኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ። ስለ ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ምንም አልተነገረም። ልጅቷ ካርታዋን አመጣች።

በዚህ ሁሉም ነገር ተፈታ ማለቴ አይደለም። ዜናው የከፋ ቀን እናቲቱ በሩን ትከፍትና ቃል ሳትተነፍስ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። ጋሼም ልጅቷን አስጠንተው፣ ደህና ዋሉ ብለው ይወጣሉ። በሚቀጥለው ረቡዕ ይመለሳሉ። መታወቂያውን ያነሡት «ጋሼ፣ ይቀመጡ» በተባሉበት ቀን ማታ ነው፤ አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁት ምንም አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

እኔ ከዚህ የተማርኩትን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ሰው ሥራውን የሚለቀው ሥራው ስለከበደው ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ ከብዶት ሳለ ብቻውን ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢሯችን አዲስ ልማድ አወጣ። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ብቻውን አይሄድም። ከከባድ ጉብኝት የመጣ ሰው፣ አንድ ባልደረባው ቁጭ ብሎ ሳይሰማው ኮቱን አይለብስም። አንዳንዶች ጊዜ ማባከን ነው ብለው አጉረመረሙ። አለቃዬ ግን ጸናች። አዲስ የሚገቡትን የማሠልጠኑን ኃላፊነትም ለእኔ ሰጠችኝ፤ የሱሪናም ሰዎች፣ ሞሮኳውያን፣ ሆላንዳውያን፣ ከሶማሊያ የመጣች አንዲት ጎበዝ ወጣትም ነበሩ። የትወናውን ትምህርት ስሰጥ እናት የምሆነው እኔ ነኝ። ለጋሼ አስቸጋሪ አባት መሆን ነበር የሚመቻቸው፤ ሰውን እስኪያልበው ያስጨንቁ ነበር።

ጦርነቱ ገና ሳይበርድ የልጅቷ ጉዳይ ሮተርዳም ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛዋ እናቲቱን በቀጥታ ጠየቀቻት፤ እናቲቱም ያለ አስተርጓሚ በደችኛ መለሰች። ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ ጀመረችው የግማሽ ቀን ሥራ፣ ልጇን ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትቀሰቅስ ተናገረች። አንድ ቃል ጠፋትና ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ቃሉን አቀበሏት። ዳኛዋ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ወደ እናቷ እንድትመለስ፣ የሞግዚቱም ክትትል እንዲያበቃ ወሰነች። ውጭ ስንወጣ እናቲቱ ጋሼን አጎንብሳ እጅ ነሣቻቸው፣ ከዚያ ተሳሳሙ። እኔ ዞር ብዬ ትራሞቹን አየሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ አለቃዬ በሬን ሳታንኳኳ ብቅ አለችና፣ «ዘንድሮ ስንት የስንብት ኬክ እንደበላን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አሰብኩ፣ አንድም ትዝ አላለኝም። «ምንም» አለች፣ እየሳቀች። «ከሥቻለሁ።»

በሩን ዘግታ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ከግድግዳው ወዲያ ጋሼ አንድ አዲስ ሠራተኛ ከጉብኝት ተመልሳ የምትነግራቸውን ይሰማሉ፤ የሠራተኛዋ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ እሳቸው ዝም ብለዋል። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።